በዕጣ ኦፕራሲዮን? ለዲስክ ጥናት ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

ጎንበስ_ቀና
ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው በሆዴ ተኝቼ ነው። ደህና አድርጌ ከተቀመጥኩ 9 ሳምንት አለፈኝ።

ነገሩ የጀመረው በጫማ ክር ነው። ጎንበስ ብዬ ላስር ስል ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ሁለት ቀን ወገቤን አመመኝ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ወገቤን ትቶ ወደ ግራ እግሬ ወረደ። ከቂጤ ይነሳል፣ በባቴ በኩል ያልፋል፣ ትንሿ ጣቴ ላይ ያበቃል። ሳስነጥስ ኤሌክትሪክ የያዘኝ ያህል ነው። ኤምአርአይ ተነሳሁ። ኤል5 እና ኤስ1 በሚባሉት የአከርካሪ አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል ተባልኩ።

ትናንት ስፔሻሊስቱ ጋ ቀረብኩ። ወይ ኦፕራሲዮን ይለኛል፣ ወይ አያስፈልግህም ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር አመጣ። «ጥናት አለን። ፈቃደኛ ከሆንክ ኮምፒውተር በዕጣ ይመድብሃል» አለኝ። አንዱ ቡድን ቶሎ ኦፕራሲዮን ይሆናል። ሌላው በፊዚዮቴራፒና በማስታገሻ ይቆያል፣ ካልተሻለው በኋላ ኦፕራሲዮን ማድረግ ይችላል። 6 ገጽ ቅጽ አሸክመውኝ ወደ ቤት መጣሁ። ባለቤቴ ሁለተኛውን ገጽ ሳትጨርስ «ሰው እንዴት በዕጣ ይቀደዳል?» ብላ ወረወረችው።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልተዋጠልኝም። ሐኪም ማለት የሚያውቅ ሰው አይደለም እንዴ? እንዲህ ዓይነት ጥናት ውስጥ የገባችሁ ወይም ስለ ጉዳዩ የምታውቁ ካላችሁ እስቲ ምከሩኝ።

ትዕግሥት_የለኝም
ወንድሜ ሽሽ። የሙከራ አይጥ ሊያደርጉህ ነው።

ፊዚዮዋ
ከዕጣው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሽንትህን ለመሽናት ትቸገራለህ? ወይስ ሳታውቀው ያመልጥሃል? ኮርቻ ላይ ብትቀመጥ የሚነካህ ቦታ፣ ማለትም በመቀመጫህና በብልትህ ዙሪያ ያለው ሥፍራ ደንዝዟል? ሁለቱም እግርህ ደክሟል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ስለ ጥናት ማውራት የለብንም። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሄደው። የታችኛው የነርቭ እሽግ ሲጨመቅ በሰዓታት ነው የሚቆጠረው።

ሌላም አለ። ተነስተህ በተረከዝህ ብቻ ተራመድ። ከዚያ በግራ እግርህ ጣቶች ላይ ብቻ ቁም። ያቅትሃል?

ጎንበስ_ቀና
እህቴ አስደነገጥሽኝ። ሽንት ምንም ችግር የለውም። መደንዘዙ ትንሿ ጣትና የእግሬ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። በተረከዜ ተራመድኩ። በጣቴም ቆምኩ፣ ግራው ትንሽ ተንቀጠቀጠብኝ እንጂ አልወደቅኩም። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር፣ ያበድኩ መስሏታል።

ፊዚዮዋ
ጎሽ። መንቀጥቀጡን ለሐኪምህ ንገረው። ጉልበቱ ከዕለት ወደ ዕለት ከቀነሰ ነገሩ ይለወጣል። እስከዚያው ግን ጊዜ አለህ፣ ማሰብ ትችላለህ።

ቁጥር_ወዳድ
ዕጣ የሚወጣው ሐኪሙ ስላላወቀ አይደለም፣ ማንም ስላላወቀ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተሻለው ሕክምና ከታወቀ በኋላ ሰውን በዕጣ መመደብ ነውር ነው፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴም አያሳልፈውም።

በአንተ ጉዳይ ምን ታወቀ፣ ምን አልታወቀም? እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ የወጣ ጥናት አለ። 283 ሰዎች ነበሩ። ሁሉም እንዳንተ ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ኃይለኛ ሕመም ይዟቸው ከ6 እስከ 12 ሳምንት የቆዩ ናቸው። ግማሾቹ ቶሎ ኦፕራሲዮን እንዲሆኑ፣ ግማሾቹ እንዲጠብቁ በዕጣ ተመደቡ። ቶሎ ከተቀደዱት ግማሹ በ4 ሳምንት ገደማ ተሻለው። ከጠበቁት ደግሞ ግማሹ ለመዳን 12 ሳምንት ገደማ ፈጀበት። እስከዚህ ኦፕራሲዮን አሸነፈ። ዓመት ሲሞላስ? በሁለቱም ቡድን 95 በመቶው ድኗል። እኩል!

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲጠብቁ ከተመደቡት 39 በመቶው በዓመቱ ውስጥ መታገስ አቅቷቸው ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ስለዚህ «መጠበቅ» ሲባል «ፈጽሞ አትቀደድም» ማለት አይደለም። ከ10 ሰው 6ቱ ግን ቢላዋ ሳይነካው ዓመቱን ጨረሰ።

ትዕግሥት_የለኝም
እሺ፣ ኦፕራሲዮን የሆኑትን መጠየቅ አይቀልም? ምን ዕጣ ያስፈልጋል? የኔ አጎት ሆነ፣ ዳነ። አለቀ።

ቁጥር_ወዳድ
አጎትህ ሳይቀደዱ ቢቆዩስ ኖሮ? እሱን ማን ያውቃል?

የወገብ ነገር አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ይወጣል ይወርዳል። ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ደግሞ ብሶበት መላወሻ ሲያጣ ነው። ከዚያ ጫፍ ላይ ምንም ብታደርግለት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ቅባት ቢቀባም፣ ቢታሽም፣ መርፌ ቢወጋም፣ ምንም ባያደርግም። ከዚያ ምስጋናው በመጨረሻ ለነካው ሰው ይሄዳል።

ዲስኩም ራሱ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰውነት ከቦታው የወጣውን እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረውና ቀስ በቀስ ይበላዋል። የሚገርመው በብዛት የሚጠፋው ትልቁና አስፈሪው ነው። በ2015 የወጣ የጥናቶች ክለሳ ሲቆጥረው፣ ተቆርጦ ከወጣው ዓይነት 96 በመቶው ቀንሶ ታይቷል። ትንሽ ብቻ ካበጠው ግን 13 በመቶው።

ጎንበስ_ቀና
እንዴ! የኔ ወረቀት ላይ «ትልቅ» የሚል ቃል አለ። እሱን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ደግሞ ከሥሩ «በሦስት ደረጃ ላይ የዲስክ ማርጀት» ይላል። ገና 41 ዓመቴ ነው!

ሌሊት_ተረኛ
ራዲዮሎጂ ክፍል ነው የምሠራው። «ማርጀት» የሚለውን ቃል በቀን 20 ጊዜ እናየዋለን። ሽበት ማለት ነው በለው። ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 3,110 ሰዎች የተነሱት ምስል በአንድ ላይ ታይቶ ነበር፣ በ2015 የታተመ ነው። በ20 ዓመታቸው እንኳ 37 በመቶው ላይ የዲስክ ማርጀት አለ። በ80 ዓመት 96 በመቶ። ደህና ሰው ናቸው እኮ።

ያንተ የሚለየው እግርህ ላይ ያለው ሕመም ምስሉ ላይ ከተጫነው ነርቭ ጋር መግጠሙ ነው። ትንሿ ጣትና የእግር ውጫዊ ጠርዝ ኤስ1 የሚባለው ነርቭ የሚደርስበት ቦታ ነው። ይገጥማል። ሌላውን ሁለት ደረጃ፣ ማለትም ያረጁትን ሌሎቹን ሁለት ዲስኮች፣ ተወው።

ጋሽ_ብረቱ
ልጆች፣ ሁላችሁም ጥናት ጥናት ትላላችሁ። እኔ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። ከማደንዘዣው ስነቃ እግሬ ላይ የነበረው እሳት ጠፍቶ ነበር። በዚያው ቀን ነው የምላችሁ። አልቅሻለሁ። ይህን በቁጥር አታስተባብሉኝም።

ቁጥር_ወዳድ
ጋሼ፣ ማን ያስተባብላል! የ2007ቱ ጥናትም የሚለው ይህንኑ ነው። የእግር ሕመም ከሆነ ኦፕራሲዮን ቶሎ ያሳርፋል። ጥያቄው ያ ፍጥነት ለእያንዳንዱ ሰው ያዋጣል ወይ ነው። አንዱ 8 ሳምንት መታገስ ይችላል፣ ሌላው ሥራው ይሄድበታል።

ለመሆኑ እርስዎን የሚያምዎት እግርዎን ነበር ወይስ ወገብዎን?

ጋሽ_ብረቱ
መጀመሪያ እግሬን። ከ4 ዓመት በኋላ ወገቤን ማመም ጀመረ፣ ብረትም ያኔ ነው የገባልኝ። ስሜ ከዚያ ነው። የብረቱ ነገር እንኳ እንደ መጀመሪያው አልሆነልኝም። ግማሽ በግማሽ በሉት።

ፊዚዮዋ
ጋሼ፣ ይህ ለብዙ ሰው የሚምታታ ነው። ነርቭ የተጫነ ዲስክን መቁረጥና ለወገብ ሕመም አጥንትን በብረት ማያያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ላይ ጥናቶቹ ራሳቸው ይጣላሉ። በ2001 የስዊድን ጥናት በ294 ሰዎች ላይ አጥንት ማያያዙ ይሻላል አለ። በ2003 የኖርዌይ ጥናት በ64 ሰዎች ላይ የጎላ ልዩነት የለም አለ።

አንድ ዓይነት ኦፕራሲዮን ሁለት መልስ እንዴት ሰጠ? ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ተመልከቱ። በስዊድኑ ኦፕራሲዮን ያልሆኑት ያገኙት የተለመደውን ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ብዙዎቹ ቀድሞም ሞክረው ያልሆነላቸውን። በኖርዌዩ ደግሞ የጠነከረ እንቅስቃሴና «ጎንበስ ብትሉ አትሰበሩም» የሚል ፍርሃትን የሚነቅል ትምህርት ነበር። ተፎካካሪው ሲጎለብት አሸናፊው አነሰ። ታካሚዎቼ «ፊዚዮ ሞክሬ አልሠራልኝም» ሲሉኝ የትኛውን ፊዚዮ እላለሁ። መብራት ሥር አስተኝቶ ጥሎህ የሚሄደውን?

ጎንበስ_ቀና
መብራቱ ሥር ተኝቼ አውቃለሁ። ደስ ይላል ግን፣ ይሞቃል።

ፊዚዮዋ
ይሞቃል። እሱን አልካድኩም።

ዘጠነኛው_ወንበር
እኔ እንዲህ ዓይነት ጥናት ውስጥ ነበርኩ። ስለ ቁጥሩ አላውቅም፣ ውስጡ ምን እንደሚመስል ግን ልንገርህ።

ቅጹን ስፈርም እጄ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ነርሷ ኮምፒውተር ላይ የሆነ ነገር ነካች። ከዚያ ፊቷን ሳትለውጥ «ቡድን ለ» አለችኝ። እኔ የጠበቅኩት የሆነ ሥነ ሥርዓት ነበር። ሁለት ሰከንድ!

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠይቅ ነው። 24 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ዛሬ አንተን የሚመለከት ከሆነ ምልክት ታደርጋለህ፣ ካልሆነ ታልፈዋለህ። በወገቤ ምክንያት ቤት እውላለሁ። በወገቤ ምክንያት ካልሲ ማድረግ ይቸግረኛል። እንዲህ እንዲህ የሚሉ። በየጊዜው ያው 24። መጀመሪያ ላይ ሞኝነት መሰለኝ። በኋላ ነው የገባኝ። «ሕመምህ ከ10 ስንት ነው?» ሲሉኝ በየቀኑ ሌላ ቁጥር እናገር ነበር። ካልሲው ግን አይዋሽም።

የከበደኝ ነገር መጠይቁ አልነበረም። ያልደረሰኝ ቡድን ነው። እንድጠብቅ ተመደብኩ፣ አንድ ሌሊት ክፉኛ አመመኝ፣ ጠዋት ደውዬ ልውጣ አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። «ትችላለህ» አሉኝ። ያ ቃል አረጋጋኝና ቆየሁ።

ትዕግሥት_የለኝም
ታዲያ ሁሉም ሰው ደውሎ ቢወጣ ጥናቱ ምን ይውጠዋል?

ቁጥር_ወዳድ
ጥሩ ጥያቄ ጠየቅክ፣ ዛሬ ሁለተኛህ ነው።

ደርሷል። በ2006 አሜሪካ ውስጥ ስፖርት የሚባለው ትልቅ ጥናት ወጣ። ስሙ በምሕፃረ ቃል ነው እንጂ ከኳስ ጋር ግንኙነት የለውም። 13 ማዕከላት፣ 501 የዲስክ ታካሚዎች፣ በዕጣ ሁለት ቦታ። ዓመታት የፈጀ ዝግጅት። ከዚያ ሰው ሰው ነውና ሁሉም ወደ ፈለገበት ተሻገረ። ሁለት ዓመት ሲሞላ፣ ኦፕራሲዮን እንዲሆኑ ከተመደቡት በትክክል የሆኑት 60 በመቶ ናቸው። እንዳይሆኑ ከተመደቡት ደግሞ 45 በመቶው ሆነዋል።

አሁን ምን ታነጻጽራለህ? በተመደቡበት ቡድን ከቆጠርክ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ቡድን ውስጥ የተቀደደም ያልተቀደደም አለ። ባገኙት ሕክምና ከቆጠርክ ኦፕራሲዮን በጣም ይበልጣል፣ ግን ያኔ ዕጣው ፈርሷል። የተሻገሩት በምን እንደሚለዩ አታውቅም። የባሰባቸው ይሆኑ? ቶሎ የሚወስኑ ይሆኑ? ሰዎች ያንኑ ሰንጠረዥ ይዘው እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ።

ሌሊት_ተረኛ
ዕጣ ብቻም አይበቃም። ታካሚው ምን እንደተደረገለት ካወቀ ተስፋው ራሱ ያድነዋል። ለዚህ ነው የማስመሰያ ኦፕራሲዮን የመጣው።

የተሰበረ አከርካሪ ውስጥ በመርፌ ሲሚንቶ የሚገባበት ሕክምና አለ። ለዓመታት በብዙ ሰው ላይ ተሠርቷል፣ ታካሚም ሐኪምም ይወደው ነበር። በ2009 በአንድ የመጽሔት እትም ሁለት ጥናቶች አብረው ወጡ። አንዱ 78 ሰው፣ ሌላው 131 ሰው። ግማሾቹ እውነተኛውን ሲሚንቶ አገኙ። ግማሾቹ ተኙ፣ ማደንዘዣ ተወጉ፣ ጀርባቸው ተነካካ። ሲሚንቶው ደግሞ ኃይለኛ ሽታ አለው። ስለዚህ ምንም በማይገባላቸው ሰዎች ክፍል ውስጥም ሽታው እንዲሸታቸው ተደረገ። እስከዚህ ድረስ ነው ጥንቃቄው! ውጤቱ፣ ሁለቱም ቡድን ተሻለው፣ በእኩል።

ትዕግሥት_የለኝም
ይሄማ ማጭበርበር ነው።

ሌሊት_ተረኛ
የማስመሰያው ሊደርሳቸው እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሯቸው ነው የፈረሙት። ያለ ማስረጃ ለዓመታት ሲሚንቶ መሙላቱ ነው ወይስ ይሄ ነው ማጭበርበር?

ፊዚዮዋ
ለሚዛን ያህል፣ በ2016 በ120 ሰዎች ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ስብራቱ ከ6 ሳምንት ያልበለጠና ሕመሙ ኃይለኛ ከሆነ ሲሚንቶው ይጠቅማል ብሏል። ስለዚህ ክርክሩ አልተዘጋም። ግን ይህ ስብራት ነው፣ የጎንበስ_ቀና ጉዳይ አይደለም። አናስደንግጠው።

ጎንበስ_ቀና
ሲሚንቶ ስትሉ ላብ አጠመቀኝ። ቅጹን ደግሜ አየሁት፣ ማስመሰያ የለበትም። የትኛው ቡድን እንደሆንኩ አውቃለሁ።

እስከዚያው ግን ምን ላድርግ? ተኝቼ ልቆይ? ጎረቤት ሁሉ «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» ነው የሚለኝ።

ፊዚዮዋ
በ1999 ይህንኑ የሞከሩ አሉ፣ ያውም እንዳንተ እግራቸውን በሚያማቸው 183 ሰዎች ላይ። ግማሾቹ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ፣ ግማሾቹ እየተንቀሳቀሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተኙት 70 በመቶው፣ ካልተኙት 65 በመቶው ተሻለን አሉ። ያ ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይ አይደለም። በ12ኛው ሳምንት ሁለቱም 87። መተኛት አይገድልህም፣ ግን ሁለት ሳምንት ሰጥተህ የምትገዛው ነገር የለም። የሚያሳርፍህን አቀማመጥ ፈልግ፣ ሲቀልህ ተነስና ቤት ውስጥ ዙር።

ጋሽ_ብረቱ
ማስታገሻውስ? እኔ ፓራሲታሞል እንደ ከረሜላ ነበር የምውጠው።

ቁጥር_ወዳድ
ጋሼ፣ በድንገት ለጀመረ የወገብ ሕመም በ2014 አውስትራሊያ ውስጥ በ1,652 ሰዎች ላይ ታይቷል። በሰዓቱ የዋጡት ለመዳን 17 ቀን፣ ሲያማቸው ብቻ የዋጡት 17 ቀን፣ ባዶውን ክኒን የዋጡት 16 ቀን።

ጋሽ_ብረቱ
ባዶው ቀደመ?

ቁጥር_ወዳድ
በአንድ ቀን። ልዩነት ተብሎ አይቆጠርም፣ ግን ያስቃል።

ጎንበስ_ቀና
ተመለስኩ። ዛሬ ፈረምኩ።

ባለቤቴ አብራኝ ሄዳ ነበር። እዚህ የጻፋችሁትን አንብባ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ይዛ ገባች። አንደኛ፣ እግሩ ከደከመ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ለማን እንደውል? ስልክ ቁጥር ጻፉልን። ሁለተኛ፣ ልውጣ ቢልስ? በማንኛውም ሰዓት፣ ሕክምናው ሳይጓደል፣ አሉ። ሦስተኛው «እናንተ ለወንድማችሁ የቱን ትመርጡለታላችሁ?» የሚል ነበር። ሐኪሙ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እሱን ባውቅ ይህን ጥናት አልሠራም ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ እሷ ናት እስክሪብቶውን ያቀበለችኝ።

ዕጣው ልክ ዘጠነኛው_ወንበር እንዳለው ነው፣ ሁለት ሰከንድ። እንድጠብቅ ተመደብኩ።

አልደብቃችሁም፣ ከፋኝ። ከክፍሉ ሳልወጣ መሻገር አማረኝ።

ዘጠነኛው_ወንበር
አውቀዋለሁ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚከብደው።

ቁጥር_ወዳድ
ካቃተህ ተሻገር፣ ማንም አይፈርድብህም፣ መብትህ ነው። በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ጥናት የሚመራበት የሄልሲንኪ መግለጫ አለ፣ ከ1964 ጀምሮ። ካልፈለግክ ያለ ምንም ቅጣት መውጣት ትችላለህ ይላል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ብትሻገርም መጠይቁን መሙላት አትተው። ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው መልስ ከሰጠ ይቆጠራል። ድምፁን ያጠፋ ሰው ግን ተሻለው ይሁን ባሰበት ማንም አያውቅም፣ ጥናቱን የሚያበላሸው እሱ ነው።

ትዕግሥት_የለኝም
እኔ አሁንም ሽሽ ባይ ነኝ። ግን ውጤቱን ጻፍልን።

ጎንበስ_ቀና
እሺ። የመጀመሪያውን መጠይቅ ዛሬ ማታ ሞላሁት። ከ24ቱ 17 ላይ ምልክት አደረግኩ። ካልሲው ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። ጠዋት ቀኙን ራሴ አድርጌዋለሁ። ግራውን ባለቤቴ ናት ያደረገችልኝ። ግማሽ ምልክት የለውም።

አደረግኩበት።